ለእንቁጣጣሽ ከየቤታችን ዕቃ አውጥተን ትንሽ ኤግዚቢሽን ብናዘጋጅስ? (ጅማ)

የአዌቱ ማዶ · ነሐሴ 4

ሰላም የጅማ ልጆች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ጅማ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው። የአባ ጅፋር ዙፋን ፊት አቁሜ "ይሄ የንጉሥ ወንበር ነው" ስላት "እሺ" ብላ አለፈችው። በርጩማው ጋ ስንደርስ ግን እጄን ለቀቀችና "አባዬ፣ ይሄ እኮ አኮ ቤት አለ!" ብላ ጮኸች። የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

አኮ የምትላት እናቴን ነው። አምና ነው ያረፈችው። በርጩማው እውነትም አለ። ቡና ስትለቅም የምትቀመጥበት፣ አንድ እግሩ ጫፉ ላይ አይጥ የቀመሰው። ቤት እንደገባሁ አወጣሁት። ማን ጠረበው? ስታገባ ከጅሬን ይዛው መጣች ወይስ አባቴ ከገበያ ገዛው? እህቶቼን ጠየቅኩ፣ አንዳቸውም አያውቁም። በአንድ ስኒ ቡና ልትነግረኝ ትችል የነበረውን ነገር ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ አልጠየቅኳትም።

እና ሐሳቤ ይሄ ነው። የሰፈራችን ዕድር አዳራሽ ለበዓል ሰሞን ባዶ ነው። ከጳጉሜን 3 እስከ መስከረም 5 ከየቤቱ አንዳንድ የበዓል ዕቃ አምጥተን ብናሳይስ? ሙዚየም እንክፈት አላልኩም፣ ሙዚየሙማ አለን። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ጠረጴዛ። ምን ምን ይቅረብ? እንዳይበላሽ ምን ይደረግ? ሰውስ አምኖ ይሰጣል? በርጩማዎቹን ለማሳመር ቫርኒሽ ገዝቻለሁ፣ ሁለት ቆርቆሮ።

ቡና ለቃሚ · ነሐሴ 4

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን እውነቱን እንነጋገር። በዓል በመጣ ቁጥር መግቢያው ላይ የሚደረደረው የትም ብትሄድ አንድ ነው። ረከቦት፣ ጀበና፣ አንድም ቀን ያልተወቀጠበት ሙቀጫ፣ የፕላስቲክ አደይ አበባ፣ የፕላስቲክ ቄጠማ። ጅማ ላይ፣ በክረምት፣ የፕላስቲክ ቄጠማ! እንደዚያ ከሆነ እኔ አልመጣም።

ቡና ካላችሁ የግድ ጀበና ማለት አይደለም። ቡና ቀላ የሚቀርብበት ዕቃ ቤቱ ያለ ሰው የለም? ፍሬው በቅቤ ሆኖ ሽማግሌ ሲመርቅ የሚቀርበው። ለሕፃናቱ ቡና ይበላም እንደነበር ይታያቸው። ደግሞ ያ ጅማ 5 እየተባለ ውጭ የሚላከው ቡና እኮ በራሱ አልተለቀመም። ሴቶች ከጧት እስከ ማታ ጎንበስ ብለው ነው ከድንጋዩና ከጥቁሩ የለዩት። የእናቴን ሰፌድ እኔ እሰጣለሁ። ጠርዟ ሦስት ጊዜ በጨርቅ ተሰፍቷል፣ ሦስቱም ጨርቅ የተለያየ ነው። አንዱ የኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው።

እንጨት ሠሪው · ነሐሴ 4

ቫርኒሽ?! ወንድሜ፣ በምትወዳት ልጅህ፣ ቆርቆሮውን እንዳትከፍተው።

የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ምስማር የለው፣ ኮላ የለው፣ መገጣጠሚያ የለው። ደህናው ከዋንዛ ነው። ሦስት እግር የሆነውም ለጌጥ አይደለም፣ አራት እግር የአፈር ወለል ላይ ይወላገዳል፣ ሦስት እግር ግን የትም ብታስቀምጠው ይቆማል። አሁን የእናትህን ገልብጠህ ሆዱን እየው። ላዩ በመቀመጥ ብዛት ያብረቀርቃል፣ ሆዱ ላይ ግን የስለቱ ጠባሳ እንዳለ ነው። ሰውዬው ቸኩሎ ይሁን ተረጋግቶ ከዚያ ታውቃለህ። ለእኔ በርጩማ ማለት ሆዱ ነው፣ ኤግዚቢሽን ላይ ግን አንድም ቀን ተገልብጦ አይቼ አላውቅም።

ላዩ ላይ ያለው ጥቁረት ቆሻሻ እንዳይመስልህ። ጭስ ነው፣ ቅቤ ነው፣ የእናትህ ቀሚስ ነው። ቫርኒሽ ከቀባኸው ያ ሁሉ ከሥሩ ይቀበራል። ልላጠው ብትል ደግሞ አብሮ ተልጦ ይሄዳል። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ አለቀ። ውሃም አይንካው። ከሥሩ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነገር ካየህ ነቀዝ ገብቶበታል፣ ከሌላው ዕቃ ለይተህ አስቀምጠው።

የአዌቱ ማዶ · ነሐሴ 5

ሃሃሃ እሺ፣ አንዱን ቆርቆሮ እመልሳለሁ፣ በሌላው የዕድሩን በር እቀባለሁ። ተመስገን አልነካሁትም።

ገልብጬ አየሁት። ሆዱ ላይ ሁለት አጫጭር ጭረት አለ፣ ሆን ተብሎ የተደረገ። የጠራቢው ፊርማ ይሆን?

እንጨት ሠሪው · ነሐሴ 5

የጠራቢም ይሆናል፣ የባለቤትም። ለሠርግና ለለቅሶ በርጩማ እንዋዋስ አልነበር? ሲመለስ እንዳይምታታ ቤተሰቡ ምልክት ያደርግበታል። የእኛ ቤት ሦስት ነጥብ ነበር፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ። እናትህ ሰፈር ዕድሜ ያላቸውን ሰዎች ጠይቅ። ዛሬ ነገ አትበል።

ሂርማታ ሐሙስ · ነሐሴ 5

እንቁጣጣሽ ብቻ ካደረጋችሁት ግማሹ ከተማ "የኛ አይደለም" ብሎ ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ እዚህ ጥግ የእስላም፣ እዚያ ጥግ የክርስቲያን ብላችሁ ብትከፍሉት ይበልጥ አይመስለኝም። እንዲህ ኖረን አናውቅማ። ጥምቀት ጥር 11 ላይ ተተክሏል፣ መስቀል መስከረም 17 ላይ ተተክሏል፣ ዒድ በየዓመቱ ወደ አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይዞራል፣ አንዳንዴ ይገጣጠማሉ፣ አንዳንዴ ይራራቃሉ። ሳህኑ ግን ከቤት ቤት መሄዱን አላቆመም።

እኔ የምለው ሳህኑን አሳዩ። በልጅነቴ ዒድ ሲሆን ከጎረቤት እትዬ ቤት የሚመጣው ሳንቡሳ ሁለት ዓይነት ነበር። ለእነሱ በሥጋ፣ ለኛ ለብቻው በምስር። ሥጋ እንደማያሻግር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ማንንም አያስከፋም። የሚመጣበት ሳህን ሰማያዊ ጠርዝ ያለው የብረት ሳህን ነበር፣ አንድ ቦታ ላይ ልጧል። ባዶውን መመለስ ነውር ስለሆነ እናቴ ድፎ ዳቦ ወይ ማር አድርጋበት ነው የምትመልሰው። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ምንም ስላልነበረ ሳህኑ አንድ ሳምንት ሙሉ እኛ ቤት ተቀምጧል። ጠያቂም የለ። እናቴ ግን በሄደች በመጣች ቁጥር እያየችው ታፍር ነበር።

አሁን ያ ሳህን የማን እንደነበር በትክክል አላስታውስም። እህቴ ቤት ነው ያለው። አመጣዋለሁ።

ቡና ለቃሚ · ነሐሴ 5

እንዲህ ያለውን ንገረኝ። ይሄንን ለማየት እመጣለሁ።

መዝገብ ያዥ · ነሐሴ 6

ረጅም ጊዜ መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ስለ ወረቀቱ እኔ ልናገር። ከዕቃው በፊት ወረቀቱ ይቅደም።

ማንም ሰው ዕቃ ሲያመጣ ሁለት ቅጂ ወረቀት ይጻፍ። የማን ነው፣ ምንድን ነው፣ ከማን ወረሱት፣ ሲመጣ ምን ጉዳት ነበረበት፣ መቼ ይመለሳል። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለእናንተ። ሲመጣ በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ ፊትም ጀርባም፣ አጠገቡ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ፣ መጠኑን ያሳያል። "ኧረ እንተማመናለን" የሚል ይመጣል። እንተማመናለን፣ ግን ይፈረም።

ለምን እንደምጨቀጭቅ ልንገራችሁ። ሌላ ከተማ ውስጥ ለአንድ የበዓል ዝግጅት የወላጆቼን የሠርግ ፎቶ አውሼ ነበር። ያለችን አንዷ ናት። እናቴ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ አባቴ የተዋሰውን ኮት ለብሶ። ጀርባዋን በፕላስተር ሰሌዳ ላይ ለጠፏት። ሲያነሡ ጥግዋ ተገንጥሎ ቀረ፣ የአባቴ ትከሻ አብሮ ሄደ። ማንን ልጠይቅ? የፈረመ የለ፣ የተቀበለኝ ልጅ ስሙንም አላውቀው። ሙጫና ፕላስተር ኦሪጅናል ፎቶ አጠገብ አይድረስ! ስካን አድርጋችሁ ኮፒውን ስቀሉ፣ ዋናው እዚያው ቀን ቤቱ ይመለስ።

ብርሃንም አለ። ጨርቅ፣ ወረቀትና ፎቶ በፀሐይ ይነጣል፣ የነጣ ደግሞ አይመለስም። ሙዚየሞች ለእነዚህ 50 ሉክስ ነው የሚፈቅዱት፣ ደብዘዝ ያለ ክፍል ማለት ነው። መስኮት ሥር አታድርጉ። ሌላው ዝናቡ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ መስከረም ሲጠባም አይለቅም። ቆዳ ነገር ሁለት ሌሊት የታፈነ ክፍል ካደረ ይሻግታል። ከግድግዳው ራቅ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጉ፣ ቀን ቀን በሩ ይከፈት። ወለል ላይ የሚቀመጥ እንጨት ካለ ደግሞ ምስጡን አስቡ።

"ቅርስ ነው ብለው ይወስዱብናል" ብሎ የሚፈራ ሽማግሌ አይጠፋም። አዋጅ 209/1992 ቅርስ በግል መያዝን ይፈቅዳል፣ አስመዝግብ፣ ጠብቅ፣ ያለፈቃድ ከአገር አታስወጣ ነው የሚለው። ይሄንን በትህትና አስረዱ።

ቁጥር አጥባቂ · ነሐሴ 7

ጽሑፉ ላይ ዓመት ስትጽፉ የማን ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ!!! ጨዋታ አይደለም። ምሳሌ ልስጣችሁ። አባ ጅፋር ዳግማዊ የነገሡት ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ነው። "እ.ኤ.አ." የምትለዋን ከረሳችሁና "በ1932 ሞቱ" ብላችሁ ከለጠፋችሁ፣ ልጁ በኛ አቆጣጠር ያነበዋል። በኛ 1932 ደግሞ ጣሊያን አገሪቱን የያዘበት ዘመን ነው፣ ከ1928 እስከ 1933። ስለዚህ ንጉሡን ጣሊያን እግር ሥር ገደላችኋቸው። የሞቱት በኛ 1924/25 ነው፣ ጣሊያን ሳይመጣ።

አንደኛውና ሁለተኛው አባ ጅፋርም ይለዩ። መንግሥቱን ያቆሙት የመጀመሪያው ናቸው፣ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የሁለተኛው ነው። አንድ ዘመዴ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ መቶ ዓመት አንግሧቸዋል።

የጅሬን ልጅ · ነሐሴ 7

ቁመታቸውስ? ከሁለት ሜትር በላይ ነበሩ ይባላል። በር ላይ ምልክት አድርጋችሁ "እዚህ ድረስ" ብትሉ ሕፃን ሁሉ ሲለካካ ይውላል ሃሃ።

ከምር ግን የንጉሡ ነገር ከተነሣ እናታቸው ጉሚቲ አትረሳ። ለምኒልክ ገብር፣ አትዋጋ ብላ የመከረች እሷ ናት የሚባለው። ግብሩ እየተከፈለ ጅማ በራሷ ንጉሥ ስትተዳደር ቆየች፣ ሌላው የጊቤ አገር እንዲያ አልሆነም። አንዲት እናት ናት ልጇን ያሳመነችው። ስለ እናቶች ዕቃ እየተወራ አይደል፣ ለዚህ ነው ያነሣሁት።

ቁጥር አጥባቂ · ነሐሴ 7

የጉሚቲን ጻፉ፣ ቁመቱን ግን "ይባላል" በሉ። ሜትር ይዞ የለካቸው የለም።

ፈረንጅ አራዳ ያደግኩ · ነሐሴ 9

አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ይሄን ሳነብ አመሸሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ያስቀመጠ ሰው አለ? ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘን እየዘፈንን ስንዞር ወንዶቹ የሚያድሉት ሥዕል። ከደብተር መሐል የተገነጠለ ወረቀት ላይ፣ አበባ፣ ፀሐይ፣ ክንፉ አንዱ ከአንዱ የሚበልጥ መልአክ። ወንድሜ ነሐሴን ሙሉ ሲስል ይከርምና ጧት በአንድ ሰዓት ጨርሶት ይገባል። እናቴ ሳንቲም ትሰጥና ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። መስቀል ሲደርስ ምድጃ ውስጥ ነው።

ሁላችንም ቤት በየዓመቱ ይመጣ የነበረ ነገር ነው፣ አንድም ቤት ግን አላየሁትም። መሶቡን አስቀምጠናል፣ ጀበናውን አስቀምጠናል። አሁን ደግሞ ሕፃናቱ የታተመ ካርድ ነው የሚያዞሩት።

ሂርማታ ሐሙስ · ነሐሴ 9

ልክ ነሽ እህቴ። ወረቀት ማን ያስቀምጣል? እኔ ራሴ ስንቱን ስዬ በትኛለሁ። ለጠላሁት ሰው ክንፍ የሌለው መልአክ ነበር የምሰጠው።

ቡና ለቃሚ · ነሐሴ 9

ሃሃሃሃ ለኛ ቤት የመጣው ክንፍ አልነበረውም!

ኮቺ ሰፈር · ነሐሴ 12

እስካሁን ዝም ብዬ አነብ ነበር። የእንቁጣጣሹ ሥዕል ሲነሣ አክስቴን ጠየቅኳት። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሀጃ ናት። ምንም ሳትል ተነሥታ የቆርቆሮ ሳጥኗን ከፈተችና ከሰነዶቿ መሐል አወጣችልኝ። የቤት ካርታ፣ "ከፋ ክፍለ ሀገር" የሚል ማኅተም ያለበት ደረሰኝ፣ ከዚያ በመሐል አራት ቦታ የታጠፈ የደብተር ወረቀት።

ሥዕሉ አበባ ነው፣ ሰባት ቅጠል፣ በቢጫና በቀይ እስክሪብቶ። ቢጫው ነጥቷል፣ ቀዩ እንዳለ ነው። ጥግ ላይ "እንኳን አደረሰዎ እማማ" ይላል፣ "ደ" ተዘሏል፣ በኋላ ከላይ ተጨምሯል። ስም የለውም። ማን እንደሰጣት ጠየቅኳት። የጎረቤት ልጅ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ጠፋብኝ አለች። ለምን አስቀመጥሽው ስላት ደግሞ "ያን ጧት ሳንቲም አልነበረኝም። ነገ ና ብዬው ሳይመጣ ቀረ። ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብዬ አስቀመጥኩት" አለችኝ።

ከፈለጋችሁት ትፈቅዳለች። ግን ከጇ አይወጣም፣ እሷ ራሷ ይዛው ትመጣለች። ወንበር አዘጋጁላት።

መዝገብ ያዥ · ነሐሴ 12

ለዚህች ወረቀት ብቻ ሌላውን ሁሉ ብትተዉት አይቆጨኝም። እባክህ እጥፉን በግድ አትዘርጉት፣ መታጠፊያው ላይ ይቀደዳል። እንደተከፈተ ያህል ብቻ ይቀመጥ፣ ላዩ ላይ መስታወት አትጫኑ። አጠገቡ የሚጻፈውን ደግሞ አታሳምሩት። አክስትህ ያሉትን ቃል በቃል፣ በተናገሩበት ቋንቋ ጻፈው፣ ኦሮምኛም ከሆነ በኦሮምኛ፣ ከሥሩ አማርኛው።

ኮቺ ሰፈር · ነሐሴ 12

በኦሮምኛ ነው ያለችው፣ "ነገ ና" የምትለዋን ብቻ በአማርኛ ጣል አድርጋ። ልጁን ያለችው በአማርኛ ስለነበር።

የአዌቱ ማዶ · ጳጉሜን 2

ወሬ ልስጣችሁ። 23 ዕቃ ደርሶናል፣ ሁሉም ተፈርሟል። ሁለት ጀበና መለስን (ይቅርታ፣ ቀድሞ ሦስት መጥቷል)። ሰፌዷ አለች፣ ሳህኑ አለ፣ ለቡና ቀላ የሚሆን ዕቃ ራቅ ካለ ሰፈር ከዘመድ ተገኘ። ቄጠማው እውነተኛ ነው፣ ግን እርጥበት እንዳያመጣ ከበር ውጭ ነው የሚጎዘጎዘው። አዳራሹ ውስጥ ደብዘዝ ይላል፣ የዓይን ችግር ላለበት ሰው ባትሪ መብራት በር ላይ እንሰጣለን፣ ሥዕሉ ላይ ግን አይበራም።

በርጩማዎቹ አምስት ናቸው፣ አምስቱንም ገልብጠን ነው ያስቀመጥናቸው። እንጨት ሠሪው፣ እጅህ ይባረክ። ሰዎች ሲገቡ "ምነው ወደቀ?" እያሉ ሊያቀኑት ይሞክራሉ፣ አንድ ልጅ አቁመናል "ተዉት" የሚል።

የእናቴን ምልክት በተመለከተ። የድሮ ጎረቤታችንን አግኝቼ አሳየኋቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ በጣታቸው ዳሰሱት። "ሁለት ጭረት የኛ ቤት ነው" አሉኝ። የእናቴ አልነበረም! ለአንድ ለቅሶ ተውሰን ሳንመልሰው ቀርተናል ማለት ነው። ልመልስልዎ ብላቸው ሳቁና "አርባ ዓመት ተቀምጣበት?" ብለው እንቢ አሉ። የጠረበው አባታቸው ናቸው። ስማቸውንም፣ ዋንዛው ከየት እንደተቆረጠም ነገሩኝ፣ ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ። "የተዋሰ" ብዬ ነው የጻፍኩት።

ልጄ አሁን የራሷን ሥዕል እየሳለች ነው። የምትሰጠው ለሀጃ ነው አሉ።

ፈረንጅ አራዳ ያደግኩ · ጳጉሜን 2

ጳጉሜን 5 እገባለሁ። እስከ ስንት ሰዓት ነው ክፍቱ?

የአዌቱ ማዶ · ጳጉሜን 2

ከጧቱ 3 እስከ ማታ 12። ሀጃ የምትገኘው ከዙሁር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ነው፣ ያኔ ነይ። ጫማሽን አስቢበት፣ መንገዱ ጭቃ ነው።